ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ከእርሱ ስለሚቈረጠው ገንዘብ

አንድ ሰው በተቀጠረበት ሥራ ላይ ወሩን ሙሉ ደክሞ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፥ ገንዘቡ ገና ከአሠሪው ሣጥን ሳይወጣ፥ ያ ገንዘብ የማን ነው? ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚነሣው የደመወዝ ክርክር አብዛኛው ከዚህ ምንጭ የሚቀዳ ስለ ሆነ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል። ገንዘቡ እስኪሰጥ ድረስ የአሠሪው ነው የምንል እንደ ሆነ፥ አሠሪው ከእርሱ ላይ የሚያስቀረው ሁሉ የራሱን ገንዘብ አልሰጠም ማለት ብቻ ይሆናል፤ ቢበዛ ንፉግ ይባላል እንጂ ቀማኛ አይባልም። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ገንዘቡ የሠራተኛው ሆኗል፥ በአሠሪው እጅ የቈየውም በአደራ ነው የምንል እንደ ሆነ ግን፥ ያለ ሕግና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንዲት ብር የቀነሰ ሰው ከሌላው ሰው ኪስ እንደ ወሰደ ይቈጠራል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከተቀመጠበት ስፍራም ይታወቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን (19፥13) የቅጥረኛውን ዋጋ እስከ ማግሥት ማሳደርን የሚከለክለው፥ ባልንጀራን መግፋትንና መቀማትን በከለከለበት በዚያው ቍጥር ነው፤ ይኸውም ሕጉ ሁለቱን እንደ አንድ ወገን ኃጢአት እንደሚያያቸው ያስረዳል። ኦሪት ዘዳግም (24፥14-15) ደግሞ ምክንያቱን ይጨምርበታል፤ ድኻው ተስፋውን የጣለው በዚያች ዋጋ ላይ ስለ ሆነ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈለው ያዛል፤ የአገር ልጅ ይሁን መጻተኛ ይሁን ልዩነት አያደርግም። ጦቢትም ለልጁ ለጦብያ ከሰጠው ምክር አንዱ (4፥14) የሠራልህ ሰው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (5፥4) ሲናገር ደግሞ የአጫጆቹን ጩኸት ከመጥቀሱ አስቀድሞ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ስለ ምን ገንዘብ ይጮኻል አለ? ቢሉ፥ ከባለቤቱ ተለይቶ በሰው ቤት የታሰረ ስለ ሆነ ነው፤ በባዕድ በረት የተዘጋበት ጥጃ እናቱን እየጠራ እንደሚጮኽ። አንድም፥ ሠራተኛው እንጀራው እንዳይቋረጥበት ፈርቶ ዝም ቢል እንኳ ገንዘቡ ዝም አይልምና።

ነቢዩ ኤርምያስ (22፥13-17) በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአቄም ላይ የተናገረውም ይህን ያጸናል። ንጉሡ ሰፊ ቤት በዝግባ እያለበሰ፥ ቀይ ቀለም እያስቀባ ሲያሠራ ለሠሩለት ሰዎች ዋጋቸውን አልከፈለም ነበር። ነቢዩ ቤት መሥራቱን ስለ ቤትነቱ አልነቀፈም፤ አባቱ ኢዮስያስ የሚበላና የሚጠጣ ንጉሥ ሆኖ ሳለ ለድኻው ፍርድን ያደርግ እንደ ነበር አስታወሰው እንጂ። ንጉሥ እንኳ የሠራተኛውን ዋጋ የራሴ ነው ሊል ካልተቻለው፥ ባለ ሱቁና ባለ ፋብሪካው፥ የቤቱ እመቤትና የደብሩ ገንዘብ ያዥ ሊሉ አይችሉም።

አገራችንም ይህን በቋንቋዋ መስክራለች። ደመወዝ የሚለውን ቃል ሽማግሌዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ይሉታል። ወዝ በሠራተኛው ግንባር ላይ የሚወጣው ነው፤ ከማን ግንባር እንደ ወጣ ደግሞ የሚያጠያይቅ ነገር የለውም።

በዚህ ላይ ከወንጌል ተጠቅሶ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ። በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. 20፥1-16) ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የወደደውን ለማድረግ መብት እንዳለው ተናግሯልና፥ አሠሪ በገንዘቡ ላይ አዛዥ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ምሳሌውን እስከ መጨረሻው አልተመለከቱትም። ባለቤቱ ያን የተናገረው ስለ ጨመረው ነው ወይስ ስለ ቀነሰው? በማለዳ ለተቀጠሩት አንድ ዲናር ተዋውሎ ነበር፤ አንድ ዲናር ሙሉውን ሰጣቸው፤ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ለመጡት ግን ከድካማቸው በላይ ጨመረላቸው። የገዛ ገንዘቤ ያለው ይህን ትርፉን ነው እንጂ የፊተኞቹን ዲናር አይደለም። ደግሞም አከፋፈሉ በመሸ ጊዜ ሆነ፤ በዘዳግም ያለው የፀሐይ ጥልቀት ሕግ በምሳሌው ውስጥ እንኳ ሳይጓደል ተጠብቋል። እንግዲህ የአሠሪ ነጻነት ከውሉ በላይ ባለው ላይ ነው፤ ከውሉ በታች ባለው ላይ ነጻነት የለውም።

ፍትሐ ነገሥት በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ፥ በአገራችን የመንፈሳዊውም የሥጋዊውም ፍርድ መሠረት ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ከ51 አንቀጾቹም 22ቱ ለመንፈሳዊው፥ 29ኙ ለሥጋዊው የተሰጡ እንደ ሆኑ ካህናት ያውቃሉ። በሥጋዊው በኩል ዛሬ ቦታውን ሌሎች ሕጎች ይዘውታል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቍጥር 210 ተከተለ፤ ይህም በ1968፥ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እየተተካ መጥቶ አሁን የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ነው። የዚህን አዋጅ 59ኛ አንቀጽ ካህናት ሁሉ ቢያነቡት መልካም ነበር፤ ምእመናን በየዕለቱ የሚጠይቋቸውን ይመልስላቸዋልና። አንቀጹ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሊቀንስ፥ ሊይዝ ወይም በዕዳ ሊያቻችል አይችልም፤ የሚችለው በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የተፈቀደ ሲሆን፥ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፥ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። ይህም ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት እንግባ። አሠሪዎች ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹም ደመወዝ የሚቈርጡት በቅንነት ተጐዳን ብለው ነው። ዕቃ ተሰበረ፤ ሒሳብ ጐደለ፤ ሌሊት ሌባ ገባ፤ ይህን ያደረሰው ሠራተኛው ነውና ይክፈል ይላሉ። ነገሩ ከጥንት ያለ ለመሆኑ ከላባና ከያዕቆብ ታሪክ የተሻለ ምስክር የለም።

ላባ ሲጀምር መልካም ጀምሮ ነበር። ዘመዴ ስለ ሆንህ በከንቱ ልታገለግለኝ አይገባም፥ ዋጋህን ንገረኝ ያለው እርሱ ነው (ዘፍ. 29፥15)። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ያዕቆብ ሲናገር የምንሰማው ሌላ ነው፤ ዋጋውን ዐሥር ጊዜ እንደ ለዋወጠበት፥ ቀን በሐሩር ሌሊት በቍር ሲቃጠል እንቅልፍ ከዓይኑ እንደ ጠፋ፥ አውሬ የሰበረውን በግ ሳይቀር ከእርሱ እጅ ይፈልግ እንደ ነበር፥ በቀንም በሌሊትም የተሰረቀውን እንዳስከፈለው ይናገራል (ዘፍ. 31፥38-41)። በዚህ ላይ የሚታየው ረቂቅ ነገር ይህ ነው፤ በኋላ በሙሴ የተሰጠው ሕግ (ዘፀ. 22፥10-13) የጠባቂን ዕዳ በሦስት ይከፍለዋል። ከብቱ ማንም ሳያይ የሞተ ወይም የተማረከ እንደ ሆነ በሁለቱ መካከል መሐላ ይሁን፥ ጠባቂውም አይክፈል ይላል፤ የተሰረቀ እንደ ሆነ ይክፈል ይላል፤ አውሬ የሰበረው እንደ ሆነ ግን የተረፈውን አምጥቶ ምስክር ያድርገው፥ አይክፈልም ይላል። (ነቢዩ አሞጽ በ3፥12 እረኛ ከአንበሳ አፍ ሁለት እግር ወይም የጆሮ ጫፍ እንደሚያስጥል የተናገረው፥ ይህን የምስክር ሕግ ለሚያውቅ አንባቢ ሌላ መልክ ይኖረዋል፤ ያች የጆሮ ቍራጭ የእረኛው ደረሰኝ ናትና።) ላባ ግን ሦስቱን አንድ አደረጋቸው። ጥፋትንና አደጋን ሳይለይ፥ መሐላም ምስክርም ሳይጠይቅ፥ የጐደለውን ሁሉ ከያዕቆብ ላይ አወራረደ። ያዕቆብም የሚካሰስበት ዳኛ ስላልነበረው የነበረው መንገድ መሸሽ ብቻ ሆነ።

የላባ ሥርዓት ዛሬም በየከተማው አለ። በምግብ ቤት የሚያስተናግድ ልጅ፥ በልቶ ሳይከፍል የሄደውን ደንበኛ ሒሳብ ከደመወዙ ይከፍላል። በሱፐርማርኬት ገንዘብ የምትቀበል ልጅ፥ ማታ ሲቈጠር የጐደለው ይቈረጥባታል፤ የበለጠ እንደ ሆነ ግን ለእርሷ አይሰጣትም። የጥበቃ ሠራተኛ በሁለት በር መካከል ብቻውን ቆሞ ያደረ፥ በሦስተኛው በር የወጣው ዕቃ ዋጋ ለወራት ከደመወዙ ይጐርሳል። መብራት ጠፍቶ መኪናው የቆመበት ፋብሪካ የቆመበትን ሰዓት ከሠራተኛው ላይ ይቀንሳል፤ አዋጁ ግን በ54ኛው አንቀጽ ሠራተኛው ለሥራ ተዘጋጅቶ ሳለ በእርሱ ምክንያት ባልሆነ ነገር ሥራው ከተቋረጠ ደመወዙ እንደሚከፈለው ይናገራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው አደጋን ከባለ ሀብቱ ወደ ድኻው ለማሻገር ነው። ንግድ ትርፍና ኪሣራ አለው፤ ትርፉን ለብቻው የሚወስድ ሰው ኪሣራውን ለማካፈል ብቻ ሠራተኛውን ወንድሜ ሊለው አይገባም።

እንደዚህ ሲባል ሠራተኛ ጥፋት የለበትም፥ ዕዳም አይኖርበትም ማለት አይደለም። ሰክሮ ዕቃ የሰበረ፥ አውቆ ያበላሸ፥ የታመነበትን ገንዘብ የሰወረ ሠራተኛ ይጠየቃል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለቲቶ ሲጽፍ (2፥10) አገልጋዮች ከመስረቅ እንዲርቁ አዝዟል። ጥያቄው ጥፋተኛው ይክፈል ወይስ አይክፈል አይደለም፤ ጥፋተኛ መሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? የሚለው ነው። በአገራችን የፍርድ ልማድ መንገደኛ እንኳ በጥላ ሥር ተጠይቆ ይዳኝ ነበር፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሦስተኛ ሰው ፈልገው ነገራቸውን ያሰሙ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ዳኛ ይሁን ያለ ግን አልነበረም። ደመወዝ በገዛ እጁ የሚቈርጥ አሠሪ በአንድ ጊዜ ከሳሽም ምስክርም ዳኛም የፍርድ አስፈጻሚም ይሆናል፤ ክሱ ለሠራተኛው የሚነገረው ቅጣቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ምናልባት በፍርድ ቤት ቢታይ አሠሪው ይረታ ይሆናል። ቢሆንም እውነተኛ ዕዳ በውንብድና መንገድ ሲሰበሰብ እውነቱ ራሱ ይበላሻል።

ሕጉ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ አድርጎታል። በዚህ ላይ ግን የነፍስ አባት ከሕግ ዐዋቂ ይልቅ ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ። ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? ልጆቹ የሚበሉትን የሚጠብቁበት ሰው፥ ሥራ ፈላጊ በበሩ ተሰልፎ እያየ፥ ከዚህ ላይ ፈርም ሲባል ይፈርማል። ፊርማው የእርሱ ነው፤ ፈቃዱ ግን የማን ነው? አንዳንድ ድርጅት በቅጥር ቀን ከውሉ ጋር፥ ወደ ፊት ለሚጐድለው ሁሉ ከደመወዜ ይቈረጥ የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ምን እንደሚጐድል፥ ስንት እንደሚሆን፥ በማን ጥፋት እንደሚሆን ገና ሳይታወቅ የተሰጠ ስምምነት በእኔ ግምት ስምምነት ሊባል የማይበቃ ነው፤ ሰው ያላየውን ዕዳ ሊያምን አይችልምና። እውነተኛ ስምምነት የሚሆነው ነገሩ ከደረሰ በኋላ፥ ልኩ ታውቆ፥ እምቢ ብል ከሥራዬ እባረራለሁ የሚል ፍርሃት ሳይኖር የተፈረመው ነው። የፈራ ሰው ዝምታ ወይም ፊርማ ላሠሪው በፍርድ ቤት ይረዳው ይሆናል፤ በንስሐ ፊት ግን መጋረጃ አይሆነውም።

ስለ ሲሶውም ጥቂት ማለት ይገባል። ዕዳው እውነተኛ ከሆነ፥ ሠራተኛውም ካመነ፥ ፍርድ ቤትም ከፈረደ፥ ስለ ምን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይወስድም? የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ከ2,000 ብር በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይቈረጥበት ሕግ ስለ ምን ከለከለ? መልሱ ያው የቅጥረኛው ትእዛዝ ባለበት በዘዳግም 24ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በዚያ ምዕራፍ የወፍጮ ድንጋይ በመያዣ እንዳይወሰድ ተከልክሏል (ቍ. 6)፤ የድኻ ልብስ በመያዣ ከተወሰደም ለብሶት እንዲያድር ፀሐይ ሲገባ እንዲመለስለት ታዝዟል (ቍ. 12-13)። አበዳሪው ገንዘቡን ማግኘቱ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን መሰብሰቢያ ያደረገው ዕቃ የተበዳሪው ሕይወት የሚፈጭበት ድንጋይ እንዳይሆን ተወስኗል። የሠራተኛ ደመወዝም ወፍጮው ነው። ሲሶው ይቈረጥ፥ ሁለቱ እጅ ግን ለቤት ኪራዩና ለእንጀራው ይቅርለት ማለት፥ ዕዳውን መሰረዝ ሳይሆን ባለ ዕዳውን በሕይወት ማኖር ነው። ሞቶ የሚከፍል የለምና ይህ ለአበዳሪውም ይበጀዋል።

በአዋጁ ውስጥ እጅግ የወደድሁት 60ኛው አንቀጽ ነው፤ እንደ መንፈሳዊ ሰው ያሰበ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። አሠሪው የደመወዝ መዝገብ እንዲይዝ፥ በመዝገቡም ጠቅላላው ደመወዝ፥ አሠራሩ፥ የተቀነሰው ልክና ዐይነት፥ ተጣርቶ የሚከፈለውም እንዲጻፍበት ያዝዛል፤ በዚህ ብቻ አላበቃም፥ መዝገቡን ለሠራተኛው እንዲያሳየውና እንዲያስረዳው ግዴታ ይጥልበታል። ማስረዳት የሚለው ቃል ከባድ ነው። ፊደል ያልቈጠረ የጕልበት ሠራተኛ አውራ ጣቱን በቀለም አጥቅሶ በፔሮሉ ላይ እንዲያትም ማድረግ ማስረዳት አይደለም። ቀጥሎም አንቀጹ፥ ሠራተኛው በመዝገቡ የተጻፈውን ያለ ተቃውሞ መቀበሉ ከሚገባው ደመወዝ ላይ ያለውን መብት እንደ ተወ አያስቈጥርበትም ይላል። ከላይ ገንዘቡ ዝም አይልም ያልነው በዚህ ላይ ሥጋዊ ሕግ ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ጊዜ አለው። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህን በተለይ ለካህናት እናገራለሁ። ሠራተኛና አሠሪ ሲጣሉ ብዙ ጊዜ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ እኛም ለሽምግልና እንቀመጣለን፤ ለጾም ይለፍ፥ ለበዓል ይለፍ፥ አሠሪው ከመንገድ ይመለስ እያልን ቀጠሮ እንሰጣለን። ዕርቁ ሳይፈጸም ስድስቱ ወር ያልፍና ድኻው በእኛ ደግነት መብቱን ያጣል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ በጽሑፍ ያመነ እንደ ሆነ ግን የይርጋው ጊዜ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ በመጀመሪያው ጉባኤ ይህን ወረቀት ከአሠሪው ተቀብሎ፥ ከዚያ በኋላ ለዕርቁ የፈለገውን ያህል ይቀመጥ። ደግሞም ሥራውን ለለቀቀው ወይም ለተሰናበተው ሠራተኛ ቀሪ ሒሳቡ ውሉ ከተቋረጠ ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ሕግ እምብዛም ያልደረሰበት ሥፍራ ደግሞ ቤታችን ነው። ለግል አገልግሎት የሚደረግ የሥራ ውል ከአዋጁ ውጭ ሆኖ፥ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተትቷል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ የደነገገው ጥቂት ነው። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግለውን ልጅ እመቤቲቱ፥ ገንዘብሽን ብታባክኝው እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ ትላታለች። ይህን የምትለው በእናትነት ስሜት ልትሆን ትችላለች፤ እንዲህ ያሉ መልካም ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ዓመት አልፎ ልጅቱ ልሂድ ስትል፥ የተሰበረው ብርጭቆ፥ የተቃጠለው ልብስ፥ ለበዓል የተገዛላት ነጠላ፥ ታማ የታከመችበት ሁሉ ከተቀመጠው ላይ ይቀነሳል፤ መዝገብም ስላልነበረ የሚታመነው የእመቤቲቱ ቃል ነው። ስጦታ መስሎ የተሰጠው ነጠላ በመጨረሻው ቀን ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ላባስ ከዚህ ምን የተለየ አደረገ? የልጅቱ ገንዘብ እንዳይባክን የሚያስብ ሰው በስሟ የባንክ ደብተር ያውጣላት፤ ደብተሩንም እርሷ ትያዘው፤ ማንበብ ባትችል ያስተምራት። በገንዘቧ ስሕተት ብታደርግ እንኳ ስሕተቱ የራሷ ነው።

ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄዱት እኅቶቻችንና ልጆቻችንም በዚሁ መከራ ያልፋሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 የመግቢያ ቪዛውን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በተግባር ግን ይህን ወጪ አሠሪው ወይም ደላላው ከመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ላይ የሚያወራርድበት ጊዜ አለ፤ ልጅቱም በሰው አገር ለወራት በከንቱ ታገለግላለች። ልጁን ለመላክ የሚዘጋጅ ወላጅ ውሉን ሳያስነብብ እንዳይፈርም ካህኑ ሊመክረው ይገባል።

ከሚቈረጠው ሁሉ ሕጋዊ የሆኑም አሉ፤ ግብርና የጡረታ መዋጮ ናቸው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ለጡረታው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቈረጥበታል፥ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምርበታል። በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ከሠራተኛው 7ቱን ቈርጦ ወደ ጡረታው ፈንድ ሳያስገባ ለንግዱ የሚያሽከረክረው አሠሪ ምን ይባላል? ከላባ ይከፋል። ላባ የወሰደው የዛሬውን በግ ነው፤ ይህ ግን የሰውን ሽምግልና ይወስዳል፤ ሠራተኛውም የተወሰደበትን የሚያውቀው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ፥ ሊሠራ በማይችልበት ዕድሜ ነው። ሐናንያና ሰጲራ (የሐዋ. 5) ያስቀሩት ገንዘብ የገዛ መሬታቸው ዋጋ ነበር፤ የዚህኛው አሠሪ ግን የሌላውን ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ፤ ሌላውን ስንወቅስ ቤተ ክርስቲያንም አሠሪ መሆኗን ልንረሳ አይገባም። በየደብሩ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ሳይሆኑ ጥበቃዎች፥ የጽዳት ሠራተኞች፥ ጸሓፊዎች፥ በሕንፃ ሥራ ጊዜም ብዙ የቀን ሠራተኞች ይቀጠራሉ። አዋጁ በሃይማኖት ድርጅቶች በሚመሠረት የሥራ ግንኙነት ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንዲችል ሥልጣን ሰጥቶታል፤ አንዳንዶችም ይህን ሰምተው ሕጉ እኛን አይመለከትም ይላሉ። የሥጋዊው ሕግ ነገር በሕግ ዐዋቂዎች ይታይ፤ ዘሌዋውያንና ዘዳግም፥ ያዕቆብና ኤርምያስ ግን እኛን አይመለከቱም የሚል ካለ ይህን መጽሔት የሚያነብበት ምክንያት አይታየኝም።

በደብሮቻችን የሚደርሰው በደል ብዙ ጊዜ መልኩ መልካም ነው። የሕንፃ ማሠሪያ፥ የመንበረ ታቦት ማሳደሻ፥ ለሞተ ባልደረባ የሐዘን፥ ለሚሾም አለቃ የደስታ እየተባለ፥ ኮሚቴ ተሰብስቦ በሠራተኛው ሁሉ ላይ ይህን ያህል ብር ይቈረጥ ብሎ ይወስናል። ሠራተኛው የሚያውቀው ደመወዙን ሲቀበል ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ነውና ማን ይቃወማል? ተቃውሞ ቢሰማ እንኳ ሃይማኖት የጐደለው ይባላል። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ስለ መዋጮ ሲጽፍ (2ኛ ቆሮ. 9፥7) ማንም በግድ ሳይሆን በልቡ እንዳሰበ እንዲሰጥ ብሎ ወስኗል፤ በግድ የተወሰደ ስጦታ ሊባል አይችልም፥ ሰጪውም በረከት አያገኝበትም። ሲራክም ከድኻ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር አስተካክሎታል፤ በዚያው ሥፍራ የቅጥረኛውን ዋጋ የሚያስቀረውን ደም ካፈሰሰ ሰው ጋር ይቈጥረዋል። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በአንድ ደብር ያየሁት አሠራር ለሌሎችም የሚጠቅም ስለ ሆነ ልጽፈው። የሰበካው ጉባኤ ለሕንፃው መዋጮ በፈለገ ጊዜ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ምንም እንዳይነካ ተስማማ። ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ሙሉውን ቈጥሮ ተቀብሎ ፈረመ። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የሚቀርበው የመዋጮ መዝገብ ለሠራተኞቹም በዚያው ጠረጴዛ ቀረበ፤ የወደደ ጻፈ፥ ያልወደደ አለፈ፤ ማን እንደ ጻፈና ማን እንዳልጻፈም ለአለቃው አልተነገረም። በዚያ መዝገብ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን ያስመዘገበው የሌሊቱ ጥበቃ ነበር፤ የሰጠውም 50 ብር ነው።